ሰንጢ ስንቅ ነው ወይስ ትጥቅ?



ከሰሞኑ እዚህ አያት፣ የኮንዶሚኒየም ግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ የሚል መልእክት ተለቀቀ፦ «ጀለሳችን መከላከያ ሊገባ ነው። ምልመላውን አልፏል። ሽኝት ስላለ መዋጮ ጀምረናል።» ጥሩ። ልብ ተላከ፣ ጡንቻ ተላከ፣ «አንበሳ!» ተባለ። ከዚያ አንዱ የስጦታውን ፎቶ ለጠፈ። ጥቁር ቢላ ነው። ርዝመቱ ክንድ ሊያክል ምንም አልቀረው፣ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ እጀታው ላይ ደግሞ የራስ ቅል ተቀርጾበታል። ከሥሩ «ኮማንዶ» ይላል። «ፏ ያለ ነው!»፣ «ይሄ ነው ለሱ የሚመጥነው!» እየተባለ ሲወርድ አንዲት ልጅ ብቻ «ቆይ ግን፣ ምን ሊያደርግበት ነው?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። አንዱ የሚስቅ ፊት ላከላት፣ በቃ።

እኔ ግን የልጅቷ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። የምር፣ ምን ሊያደርግበት ነው?

እናላችሁ፣ የዛሬው ወሬያችን ስለ ሰንጢ ነው። ወታደር ለሚሆን ወጣት የመጀመሪያ ሰንጢ መግዛት ካለባችሁ የትኛውን ትገዛላችሁ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ግን መልሱ ውስጥ ወታደርን እንዴት አድርገን እንደምንስለው ቁጭ ብሎ ይታያል።

አማርኛችን ለዘማች የሚያስፈልገውን ሁሉ በሁለት ቃል ነው የሚጠቀልለው፦ ስንቅና ትጥቅ። ትጥቅ የሚዋጋበት ነው፤ ስንቅ ውሎ የሚያድርበት። ድሮ ሁለቱም የዘማቹ ዕዳ ነበሩ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለአድዋ ክተት ሲያውጁ ባላገሩ መሣሪያውን ከቤቱ ነው ይዞ የወጣው፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹንም እንደዚሁ። መጋዘን ሄዶ ፈርሞ የሚረከበው ነገር ብዙም አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተከፍሏል። ትጥቁ የመንግሥት ነው፤ ጠመንጃውም፣ መለዮውም፣ ከስክስ ጫማውም በሠራዊቱ በኩል ይመጣል። ሳንጃ ያስፈልገዋል ከተባለም ሳንጃውን የሚሰጠው ሠራዊቱ ነው። ለቤተሰብና ለጓደኛ የቀረው ስንቁ ነው፤ ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ጭኮው፣ የሌሊት ልብሱ።

የኔ አቋም አጭር ነው፦ ሰንጢ የስንቅ ወገን ነው። ከበሶው ጋር የሚቋጠር እንጂ ከክላሽ ጋር የሚታጠቁት አይደለም። በግሩፑ ላይ የተለጠፈው ቢላ ደግሞ ለትጥቅነት አይበቃም፣ ለስንቅነትም አይሆንም። የፊልም ዕቃ ነው።

«አንተ ደግሞ ነገር ታጠብቃለህ፤ ቢላ ቢላ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ በዓለም ላይ በጣም ስመ ጥር የሆነውን የወታደር ሰንጢ እንመልከተው፤ ያቺን ቀይዋን ባለ ነጭ መስቀል፣ የስዊዘርላንዷን። ታሪኳን ስትሰሙት ምንም ኮማንዶ የሚያሰኝ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የስዊዝ ጦር አዲስ ጠመንጃ ሊያስታጥቅ ነበር። ጠመንጃውን ለመፈታታት ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ወታደሩ ደግሞ የታሸገ ምግብ መብላት ጀምሯል፤ ቆርቆሮው የሚከፈትበት ነገር ይፈልጋል። ታዲያ ሁለት ሦስት ዕቃ ከማሸከም አንድ ላይ ይሁንለት ተባለ። የወጣችው ሰንጢ አንድ ስለት፣ አንድ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ወስፌ ነበራት። እጀታዋ ጠቆር ያለ እንጨት። ቀይ እንኳ አልነበረችም።

በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ስዊዘርላንድ ውስጥ አልነበረም። ያን ሁሉ ብዛት በጊዜው የሚያደርስ አገር በቀል አምራች ስላልተገኘ ሥራው ለጀርመኗ የቢላ ከተማ ለሶሊንገን ተሰጠ። ይሄ ነገር ያንገበገበው ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላ ሠሪ በ1891 ከአገሩ ወርክሾፕ ለጦሩ ማስረከብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለችውን፣ «የመኮንኖች» የተባለችውን አወጣ፤ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የወይን ጠጅ ቡሽ መክፈቻ ጨምሮባት። ጦሩ ግን ይቺን ለመኮንኖቹ አልገዛላቸውም፤ የፈለገ ከኪሱ አውጥቶ ይገዛ ነበር። (ወታደሩ ከቆርቆሮ ጋር ይታገላል፣ መኮንኑ ቡሽ ይነቅላል። አለቃና ጭፍራ የትም አገር ያው ናቸው።) ኤልስነር እናቱ ስታርፍ ፋብሪካውን በስሟ «ቪክቶሪያ» አለው። በ1921 ከማይዝግ ብረት መሥራት ሲጀምሩ ደግሞ የፈረንሳይኛው «ኢኖክስ» ተቀጥሎበት ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ልብ በሉልኝ፤ «የጦር ሠራዊት ሰንጢ» በሚል ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ዕቃ ውስጥ ለውጊያ ተብሎ የገባ አንድም ክፍል የለም። ቆርቆሮ፣ ብሎን፣ ቀዳዳ። በቃ።

የኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው በአሜሪካ መሣሪያ ነበር፤ አቅርቦቱም በአሜሪካ ጦር በኩል ይመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደር የጦር ሜዳ ቀለብ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። ቆርቆሮውን የሚከፍቱባት ብረት ርዝመቷ አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ የምትታጠፍ፣ ከቁልፍ ጋር አንጠልጥለው የሚይዟት ነገር ነበረች። የአሜሪካ ዘማቾች እስከ እርጅናቸው ድረስ በፍቅር የሚያነሷት እሷን ነው። ሳንጃ እንኳ ራሱ ከጊዜ በኋላ ወደ ሥራ ዕቃነት አዘንብሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠራው የክላሽ ሳንጃ ስለቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ከሰገባው ጋር ተጋጥሞ የሽቦ መቁረጫ መቀስ ይሆናል። ለመውጋት የተሠራውም ሽቦ ይቆርጣል ማለት ነው።

አሁን ከታሪኩ ወደ ብሎካችን እንመለስ። ግራውንድ ላይ የሚኖሩ አንድ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። የዘመቱት በብሔራዊ ውትድርና ነው። ለማታውቁት፣ ደርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። ሁለት ዓመቱ ለብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሆኖ አልቀረም፤ እሳቸውም እስከ 1983 ዘልቀዋል። የግሩፑን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የበሬ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ የወታደር ነው ይላል፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እንግዲህ ለበሬም አይሆን። ጥርሱ ሥጋውን ይቦጫጭቀዋል።»

«እርስዎ ሰንጢ ይዘው ነበር የዘመቱት?»

«እንዴታ ልጄ! አባቴ ነው የሰጠኝ፤ የሱ የራሱ የነበረች። ጠመንጃዬን የተኮስኩባቸውን ቀናት ልቆጥርልህ እችላለሁ። ሰንጢዬን ሳልከፍት የዋልኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።»

ምን ይሠሩባት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፦ ጥፍር፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ሰርዲን፣ እሾህ፣ የድንኳን ገመድ፣ ሲገኝ በለስ፣ ሲገኝ ሸንኮራ፣ የደብዳቤ ፖስታ። «ሰው ወግተውባት ያውቃሉ?» አልኳቸው፤ እንግዲህ ጠያቂ ነኝና። ሳቁ። ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሌባ ጣታቸው መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ጠባሳ አለ። «ራሴን ወግቼባታለሁ። ቆርቆሮ ስከፍት ታጠፈችብኝ።»

ምርጫው የሚጀመረውም ከዚህ ጠባሳ ነው። ሰንጢ ጠላትን ከሚጎዳበት ቀን ይልቅ ባለቤቱን የሚጎዳበት ቀን ይበዛል። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ሰንጢዎች፣ ዛሬም ርካሾቹ፣ ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው በጀርባ ያለ ሞላ ብቻ ነው። ወደታች ስትቆርጡ ችግር የለም። ስትወጉ፣ ስትቦረቡሩ ወይም ስለቱ ተሰንቅሮ ስታወዛውዙት ግን በጣታችሁ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚገዛ ሰንጢ ሲከፈት የሚቆለፍ ይሁን። ፈረንሳዮቹ ኦፒኔል የሚሏት የእንጨት እጀታ ያላት ሰንጢ ይህን የፈታችበት መንገድ ደስ ይላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አንገቷ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት አላት። ቀለበቷን ዞር ስታደርጓት ስለቱ አይታጠፍም። ሞላ የለ፣ ውስብስብ ነገር የለ። ገበሬ በኪሱ ይዞ ዳቦና አይብ የሚቆርጥባት ናት፤ ልክ እኛ አገር የገጠር አባቶች በኪሳቸው እንደሚይዟት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የማይረባ መቆለፊያ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል። ታምኑታላችሁና። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩት። ስለቱን ክፈቱ፣ ጣቶቻችሁን ከሚታጠፍበት መንገድ አውጡ፣ ከዚያ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርጉት። ከታጠፈ መልሱለት። ቀጥሎ ጫፉን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። ገና ሱቅ ውስጥ የሚወዛወዝ ሰንጢ ከወር በኋላ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ዝጉትና ስለቱ መሀል ላይ መቀመጡን እዩ፤ አንዱን ጎን የሚታከክ ከሆነ አጣጣሙ ላይ የቸኮለ ሰው አለ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርባችሁ ጥቁረቱ ራሱ መልስ ነው።

መጠኑ? ስለቱ ከአራት ጣታችሁ ስፋት ባይበልጥ ይመረጣል። ሰባት፣ ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ብርቱካን መላጥ ያስቸግራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ኪስ ውስጥ መቀመጡ ያበቃል፣ የሚያየውም ሰው ሁሉ ይጠይቃችኋል። ጀርባው ላይ መጋዝ አያስፈልገውም፤ የቢላ ጀርባ ላይ ያለ መጋዝ እንጨት አይቆርጥም፣ ኪስ ግን ይቀዳል። ቁልፍ ሲነካ በሞላ ተፈናጥሮ የሚወጣውን ዓይነት ደግሞ ተዉት። ፊልም ላይ ያምራል። ኪስ ውስጥ ሳታስቡት ሲከፈት ግን የሚያርፍበት ቦታ ጭን ነው።

ብረቱን በተመለከተ ለመጀመሪያ ሰንጢ የማይዝገው ይሻላል። ሁርሶ፣ ብር ሸለቆ ወይም ጦላይ ሠልጥኖ የመጣ የምታውቁት ሰው ካለ ጠይቁት፤ ሲሮጥ የሚውል ሰው ኪስ ቀኑን ሙሉ በላብ የራሰ ነው። የሚዝገው ብረት በመሠረቱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ያምራል። ነገር ግን ማድረቅና ዘይት መቀባት ይፈልጋል፤ አዲስ ምልምል ደግሞ ለሰንጢው ቀርቶ ለራሱም ጊዜ የለውም። ስለቱ ላይ «ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ ግን አትመኑ። መጻፍ ርካሽ ነው።

ከሁሉ የሚገርማችሁ የሃምሳ አለቃ ምክር የቀለም ነገር ነው። «ጥቁር አትግዙለት» አሉ። ለምን? «ሰንጢ የሚጠፋው ሳር ውስጥ ነው።» ወታደር ሲባል ሁላችንም ወደ ጥቁርና ወደ ዥንጉርጉር ነው የምንሮጠው፤ የሥራ ዕቃ ግን ሲወድቅ መታየት አለበት። እጀታው ጥቁር ከሆነም ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ክር እሰሩበት። ማታ ማታ ለሚፈልገው ይጠቅመዋል።

ፒንሳ ያለው ባለ ብዙ መሣሪያውስ? የሚለኝ አለ። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሸጥ የጀመረው ዓይነት፣ ፒንሳ ውስጥ ቢላም ካቻቢቴም የተደበቀበት ማለት ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለሹፌርና ለመካኒክ በጣም አሪፍ። ለምልምል ግን ይከብዳል፣ ውድ ነው፣ በጣም ሲያምር ደግሞ ይሰረቃል። የመጀመሪያ ሰንጢ ቢጠፋ የማያስለቅስ መሆን አለበት። መጥፋቱ አይቀርምና።

ወደ ዋጋው ከመጣን ቁጥር አልጠራላችሁም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩላችሁ ዋጋ ለእናንተ እስኪደርስ ቀልድ ይሆናል። ከአያት ተነስታችሁ ሾላ ገበያ ወይም መገናኛ ካጣችሁት መርካቶ አለላችሁ። የምታገኙት አብዛኛው ከውጭ የገባ ኮፒ ነው፤ ኮፒ መሆኑ ብቻውን ወንጀሉ አይደለም። ከላይ ያልኳችሁን ሙከራ ያለፈ ኮፒ ያልሞከራችሁትን ብራንድ ያስንቃል። ቀይ ሆኖ ነጭ መስቀል ያለበትን ሁሉ ግን «የስዊዝ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚቆልልባችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ዋናውን አምጣልን ካላችሁት ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ያድርገው፤ በእጅ ሻንጣ ከያዘው የሚቀረው ፍተሻው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ምናለሽ ተራ ከሄዳችሁ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ ቢላ ታያላችሁ። የባሌስትራ ብረት ጠንካራ ነው፤ በትክክል ከተጋለና ከቀዘቀዘ ስለት ይይዛል። የማይታጠፍ ስለሆነ ለኪስ አይሆንም እንጂ ለማእድ ቤት ዓይኔን አላሽም። ብረት ቀጥቃጩን በክፉ ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ማረሻውንም፣ ጦሩንም፣ የዶሮ ቢላውንም ያቀበለን ግን እሱ ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ሌላ ቀን።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። መስጠቱ ራሱ ይፈቀዳል ወይ? ግሩፑ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ማሠልጠኛ ውስጥ ምን ይገባል ምን አይገባም የሚለውን የሚወስነው ማሠልጠኛው እንጂ የኛ መዋጮ አይደለም። ልጁ የተመዘገበበት ቦታ ሄዶ «ምን ይዤ ልምጣ? ትንሽ ሰንጢ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው። ካልተቻለ አልተቻለም። ሃምሳ አለቃ እንደነገሩኝ እሳቸው ሲገቡ ሲቪል ልብሳቸው ሳይቀር ተሰብስቦ ነበር። አስቡት እስቲ፤ አዲስ ገቢ ልጅ፣ ማንንም አያውቅም፣ በር ላይ ተሰልፏል፣ ከሻንጣው ውስጥ የራስ ቅል ያለበት የክንድ ርዝመት ያለው ቢላ ይወጣል። ለሚቀጥሉት ወራት ስሙ ምን እንደሚሆን አስቡት! «ራምቦ ና ወደዚህ!» ጓደኞቹ በፍቅር የገዙለት ስጦታ ነው እንግዲህ ይሄን ያመጣበት።

ከተማ ውስጥም ያው ነው። ሰንጢ እዚህ አዲስ አበባ ስሟ የጠፋ ዕቃ ናት፤ «በሰንጢ ወጋው» ከሚለው ዜና ውጭ ስሟ ብዙም አይነሳም። በየሕንፃው በር፣ በየስብሰባው፣ በየበዓሉ ፍተሻ አለ። «ለጓደኛዬ ስጦታ ነው» የምትለዋ ማብራሪያ መስቀል አደባባይ ፍተሻ ላይ የት ድረስ እንደምታስኬዳችሁ አላውቅም፤ ባትሞክሯት ይሻላል። ገዝታችሁ ስትመለሱ በማሸጊያው ውስጥ እንዳለች፣ ቦርሳ ሥር፣ ቀጥታ ወደ ቤት። ከአያት የሚነሳው ባቡር መጨረሻው ጦር ኃይሎች ስለሆነ የሰፈራችን ልጆች «አያት ተሳፍሮ ጦር ኃይሎች መውረድ» እያሉ ይቀልዱበታል። ሰንጢ ይዞ ጣቢያ ላይ ፖዝ እየሰጡ ቪዲዮ መቅረጽ ግን ቀልድ አይደለም።

ቪዲዮ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ያ ጥቁር ቢላ የተመረጠው ለልጁ አይመስለኝም። ለካሜራው ነው። ሽኝቱ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ከሩቅ እንዲታይ ነው ትልቅ የሆነው። ትንሽ ሰንጢ በካሜራ አትታይም፤ ችግሯ እሱ ብቻ ነው። እኛ ላይክ ሰብስበን ወደ ካፌያችን ስንመለስ ዕቃውን ተሸክሞ የሚሄደው ግን እሱ ነው።

እናቱስ? ከዚህ ግቢ ውስጥ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው ጦርነት ስልክ በመጠበቅ ያደሩ እናቶች አሉ። የደወለላቸውም አሉ፣ ያልደወለላቸውም። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ሻንጣ ውስጥ የራስ ቅል ያለበት ቢላ ብታገኝ «ፏ ያለ ነው» የምትል ይመስላችኋል? ልጁ በራሱ ፈቃድ መርጧል፤ ክብር ይገባዋል፤ እሷም ትመርቀዋለች። ግን ሌሊት ሌሊት በዓይነ ሕሊናዋ የምታየውን ምስል እኛ በመዋጮ ገዝተን ልንሰጣት አይገባም። ትንሿን ሰንጢ ብታይ የምታስበው ብርቱካን ነው፤ ልጇ ብርቱካን ሲልጥ። እንዲያውም የኔ ሐሳብ ሰንጢዋን ገዝታችሁ ለእሷ ስጧት የሚል ነው። በሶውን ስትቋጥር አብራ ታድርገው፤ ካልተፈቀደም እስኪመረቅ ድረስ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጥለት። ከሥልጠና ሲመረቅ በእጇ ትስጠው። ያን ቀን የፈለጋችሁትን ያህል ፎቶ አንሱ።

ከመዋጮው ለሚተርፈው ብር ደግሞ ሥራ አለው። መርፌና ጠንካራ ክር፣ ጥቁርም አረንጓዴም። ጥፍር መቁረጫ፤ ለጥፍር ሰንጢ የሚጠቀሙት ሃምሳ አለቃ ብቻ ይሁኑ። የቁስል ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ትርፍ የጫማ ማሰሪያ። አይቼዋለሁ፣ ይሄ ዝርዝር አያምርም፣ ስቶሪ ላይም አይወጣም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቁልፉ የተበጠሰበት ሸሚዝ ለብሶ አለቃው ፊት ሲቆም ግን ከቢላው ሁሉ መርፌዋን ነው የሚመርቃት።

ሰንጢዋን ስትሰጡት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ አጠቃቀሙን አሳዩት። አትሳቁ፤ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደግን ልጆች ሽንኩርት ከመክተፍ ያለፈ ስለት አናውቅም። ስለቱ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ሰውነት አይሳብ። ጭን ላይ አስደግፎ መቁረጥ የለም፤ እዚያ የሚያልፈው የደም ሥር ትልቅ ነው። ክፍት ሰንጢ ይዞ መሄድ የለም፤ ሁለት እርምጃም ቢሆን ይዘጋ። ለሰው ሲሰጥ ዘግቶ ይስጥ። ከቆረጠው ወዲያው በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠብ፤ አፈር የነካው ወይም ጠለቅ ያለ ከሆነ «ወንድ ነኝ» ሳይል ወደ ሕክምና ይሂድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ። መንጋጋ ቆልፍ ወንድነት አያይም።

መሳልን በተመለከተ ለበዓል ሰሞን በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላ የሚስሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ለትልቁ የማእድ ቤት ቢላ እነሱን ጥሩ። ለትንሽ ሰንጢ ግን የሚሽከረከረው ድንጋይ ይበዛባታል። ቀጭን ስለት እየጋለ ሲሄድ ጥንካሬውን ያጣል፤ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ስለት አይይዝም። በእጅ፣ በትንሽ የመሳያ ድንጋይ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ነው የሚሻለው። ስለቱን በድንጋዩ ላይ በጣም ዘመም አድርጋችሁ፣ ቀጭን ነገር የምትልጡ ይመስል ወደፊት ግፉት፤ አንዱን ጎን አሥር ጊዜ፣ ሌላውንም አሥር ጊዜ። ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ በቂ ነው። መታጠፊያው ውስጥ የገባውን አፈርና የዳቦ ፍርፋሪ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የምግብ ዘይት አትጠቀሙ፤ እየቆየ ሙጫ ይሆናል፣ ሰንጢዋም አልከፈት ትላለች።